ሮቶ ውስጥ የጮኽኩት ስም

ይህን ታሪክ ስነግር ግማሹ ሰው ይስቃል፤ ግማሹ ዝም ይላል። ማንንም አልቀየምም። እኔም መጀመሪያው ላይ እስቃለሁ፤ መጨረሻው ላይ ግን እስካሁን ድምፄን አላምነውም። ስለዚህ ዛሬ በጽሑፍ ልሞክረው።

የምኖረው ቡራዩ ነው፤ ከእናቴ ጋር። ከአምቦ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ብረታ ብረት ቤት ጋር አጥር የምንጋራ ትንሽ ግቢ አለችን። ቀን ቀን ከተማ ገብቼ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የቀረኝን ሰዓት ሁሉ ያኔ የሚበላው ብላክ ሜታል ነበር። ይህ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው ለምትሉ፦ ጊታሩ እንደተነካ የንብ ቀፎ ይተምማል፣ ከበሮው የሚያባርረው ያለ ይመስል ይሮጣል፣ ድምፃዊው ደግሞ አይዘፍንም፤ ይጮኻል። እማዬ መጀመሪያ የሰማች ቀን፣ "ይኼ ልጅ ጥርሱን አሞት ነው?" ነበር ያለችው። ስለ ሰይጣን አይደለም፣ ስለ ጨለማ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። "ለጨለማውማ መብራቱ በየቀኑ እየጠፋ ይበቃናል" አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ይህን አመል ያወረሰኝ ታላቅ ወንድሜ ኤርሚያስ ነው። አልጋው ሥር ካሴት የሞላ የጫማ ካርቶን ነበረው። አንዳንዱ ድሮ እዚሁ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ልጆች የቀዱት፣ አንዳንዱ ከናይሮቢና ከካምፓላ በሰው እጅ የመጣ፤ ሬዲዮ የማያውቃቸው፣ ሱቅ የማይሸጣቸው የአንደርግራውንድ ባንዶች። ከቅጂ ላይ ተቀድተው፣ ያም እንደገና ተቀድቶ፣ ድምፁ ከጉድጓድ ሥር የሚመጣ ነው የሚመስለው። ኤርሚ በጨለማ አስቀምጦ ያሰማኝ ነበር።

"ስማው ናቲ" ይለኛል። "ይኼ ሰውዬ ብቻውን ነው የሚጮኸው። የሚሰማው ሰው ይኑር አይኑር አያውቅም። ግን ይጮኻል።"

ከዚያ ኤርሚ ሄደ። መጀመሪያ ናይሮቢ፣ ከዚያ እንደ ብዙዎቹ ልጆች ወደ ደቡብ አፍሪካ። ናይሮቢ ሳለ የድምፅ መልእክት ላከልኝ፤ እየሳቀ ነው የሚያወራው። "ሰዎቹን አገኘኋቸው! የካሴቶቹን ሰዎች! አርጅተዋል ባክህ፣ አንዱማ መላጣ ሆኗል። ናቲ፣ አንተም አንድ ቀን ሥራ። የትም ብሆን ፈልጌ እሰማዋለሁ።" ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም። እማዬ በየክብረ በዓሉ ስለት ትሳላለች፤ እኔ ደግሞ አልበም መሥራት ጀመርኩ።

እንዲህ ብዬ ነው ያሰብኩት፦ አልበሙን ኢንተርኔት ላይ እለቀዋለሁ። ኤርሚ እስር ቤትም ይሁን ጫካ፣ አንድ ቀን ስልክ እጁ ሲገባ ይህን ሙዚቃ የሚፈልግ ሰው ነው። ያገኘዋል፤ ድምፄን ይለያል፤ ይደውላል። መሳቅ ትችላላችሁ። እኔ ግን ሥራዬን ሁሉ የሠራሁት ለዚያ አንድ ስልክ ነው።

የመጨረሻው ትራክ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ግጥም የለውም፤ ስሙን ብቻ ነው የምጠራው። ጓዳ ውስጥ መስኮቱን በፍራሽ ደፍኜ ስንት ጊዜ ሞከርኩት፤ ድምፁ ራሱ ፍራሽ ፍራሽ ይላል። የካሴቶቹ የጉድጓድ ድምፅ እምቢ አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ፤ ምግብ ስበላ እንኳ ጆሮዬ እሱን ይፈልጋል። አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ፊቴን ልታጠብ ወጥቼ ግቢያችን ጥግ መሬት ላይ የተቀመጠውን የውሃ ሮቶ ከፈትኩት። ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ባዶ ነው። "አሃ" ስል፣ "አሃ" ብሎ ከሥር መለሰልኝ።

ጉድጓዴን አገኘሁ! እማዬ ኪዳን ሄዳለች። ብረታ ብረት ቤቱ ገና አልተከፈተም፤ ከተከፈተማ የመቁረጫው ጩኸት ምንም አያስቀዳም። ላፕቶፑን ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩ፣ ማይኩን በገመዱ ሮቶው ውስጥ አንጠለጠልኩ፣ የቢራ ሳጥን ላይ ቆሜ ሄድፎኔን አጠለቅኩና ጭንቅላቴን አስገባሁ።

"ኤርሚያስ! ወንድሜ! ኤርሚያስ!"

የሮቶው ሆድ ተንቀጠቀጠ። እንዲህ ያለ ድምፅ በሕይወቴ አውጥቼ አላውቅም። ደገምኩት። ጉሮሮዬ እስኪደማ፣ ትንፋሼ እስኪያልቅ ስሙን ጠራሁት። ሰፈሩ ሁሉ ሊሰማኝ እንደሚችል አንዴ እንኳ ትዝ አላለኝም፤ ጆሮዬ ተደፍኗል፣ ጭንቅላቴ ሮቶ ውስጥ ነው።

አንድ እጅ ወገቤን ሲይዘኝ ከሳጥኑ ላይ ልወድቅ ነበር። ጭንቅላቴን አወጣሁ። ግቢው በሰው ተሞልቷል።

የያዙኝ እትዬ ጸጌ ናቸው፤ አጠገባችን ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ በባዶ እግራቸው ናቸው። "ወንድምህን! ወንድምህን ልጄ!" እያሉ ደረቴ ላይ ተደፍተው ያለቅሳሉ። ከኋላቸው እዚያው የሚያድሩት የብረታ ብረት ቤቱ ልጆች፤ አንደኛው የጥርስ ብሩሹን ከአፉ አላወጣም። በሩ ላይ ደግሞ ሰዎች የእድሩን ድንኳን ብረት ከጋሪ እያወረዱ ነው።

ነገሩ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ጎህ ሲቀድ ከግቢ "ወንድሜ!" የሚል ጩኸት ሲሰማ ሌላ ምን ይባላል? መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት ነው።

"እትዬ ጸጌ፣ ዘፈን ነው እኮ!" አልኩ እየሳቅኩ።

"እሺ ልጄ፣ እሺ የኔ ጌታ" አሉና ጭራሽ አጥብቀው ያዙኝ።

"የምሬን ነው! ይኸው ማይኩ። እየቀዳሁ ነው!"

"ነካው እንዴ?" አለ አንዱ ቀስ ብሎ።

"ማንም አልሞተም እኮ!"

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ቡራዩ ተወልጄ አድጌያለሁ፤ ሰው ሲጮኽ ጎረቤት ሮጦ መጥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀውን አውቃለሁ። "ምንድነው? ማን ሞተ?" ነው የሚለው። ያን ቀን ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

በዚህ መሃል ኦቦ ጉደታ ደረሱ። የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ረጅም፣ ነገር የማይወዱ ሽማግሌ። ጋቢያቸው አንድ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል።

"ኤኙቱ ኢቲ ሂሜ? ማነው የነገረው?" ብለው በሕዝቡ ላይ ጮኹ። "እሁድ ብለን አልተባባልንም? አክስቱ ሳትመጣ፣ የእናትየው ደም ግፊት ሳይታይ ማነው የቀደመው?"

"ምኑን ነው እሁድ ያላችሁት ኦቦ?" አልኳቸው።

እኔን አዩ። ማይኩን አዩ፣ ሮቶውን አዩ። የእትዬ ጸጌ ክንድ ከወገቤ ላይ ላላ። ኦቦ ጉደታ ቀስ ብለው የቢራ ሳጥኑ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉልኝ። "ኢልመ ኮ" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ና እስቲ አጠገቤ ቁጭ በል።"

እሳቸው እንደነገሩኝ፣ ከኤርሚ ጋር የተጓዘ አንድ የሰበታ ልጅ ተመልሶ መጥቷል። ታንዛኒያን አልፈው በጭነት መኪና ሲሄዱ ኤርሚ ታመመ፤ ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ። ጓደኞቹ መንገድ ዳር ቀበሩት። ልጁ ለንስሐ አባታችን ነገራቸው፤ እሳቸው ለኦቦ ጉደታ፤ ኦቦ ጉደታ ለእድሩ ሽማግሌዎች። ከዚያ በኋላ ነገሩ እግር አወጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለካ እኔ ሮቶ ውስጥ ገብቼ ስጣራ ሰፈሩ በሙሉ መልሱን ይዞ ተኝቷል። የብረታ ብረት ቤቱ ልጆች ሳልፍ ለምን መቁረጫቸውን እንደሚያጠፉ፣ እትዬ ጸጌ ለምን ዳቦ በነፃ እንደሚያስይዙኝ ያኔ ገባኝ።

ተናደድኩ። ከማዘኔ በፊት ተናደድኩ። "እናንተ ማናችሁና ነው ወንድሜን የምትደብቁኝ!" ልል አፌን ከፈትኩ፤ የጮኽኩበት ጉሮሮ ድምፅ አልሰጠኝም።

"እናትህ የታለች?" አሉ ኦቦ ጉደታ በድንገት።

"ኪዳን።"

"ዋቃዮ፣ አምላኬ! ድንኳኑን መልሱ! መልሱት!" ብለው ተነሱ። ከዚያ ትከሻዬን ይዘው፣ "ስማ። ይህን ድንኳን ካየች እዚያው ትቀራለች። ተፍኪ፣ አክስትህ ጋ ውሰዳት፤ 'አክስቴን ትንሽ አሟታል' በላት። ነገ ማታ ንስሐ አባታችሁን ይዘን እንመጣለን፤ እሁድ ሲነጋ በወጉ፣ በእህቷ እቅፍ ትሰማለች።"

"እኔ ነኝ የምዋሻት?"

"ካንተ ሌላ ማንን ታምናለች? ማሎ፣ እባክህ፣ እስከ እሁድ ቻለው።"

አልቅስም አላሉኝ። ፊትህን ታጠብ ነው ያሉኝ። እትዬ ጸጌ ከሱቃቸው በጄሪካን ውሃ አመጡ።

እማዬን አስፋልቱ ዳር ደረስኩባት። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጠበል በፕላስቲክ ይዛ፣ ዘና ብላ ትመጣለች።

"ምነው በጠዋቱ?"

"አክስቴ ሸዋዬ ደውላ ነበር። ትንሽ አሟታል። ብንጠይቃት…"

"ትንሽ?"

"ትንሽ።"

አላንገራገረችም። ከታክሲ ታክሲ እየቀያየርን አየር ጤና ደረስንና የሰበታ ሚኒባስ ያዝን። መስኮት በኩል ተቀመጠች። እየቆየች በጎን ታየኛለች።

"ለኤርሚ የምትሠራው ነገር አለቀ?" አለችኝ አለም ገናን እንዳለፍን።

"አለቀ።"

"ይሰማዋል፤ እሱ ጆሮው ቀጭን ነው።" ወደ እኔ ዞረችና፣ "ናቲ" አለች።

"አቤት እማዬ።"

"እግርህን አየሁት።"

ዝቅ ብዬ አየሁ። በሻወር ጫማ ነው የወጣሁት።

"ድምፅህስ የት ሄደ?"

"ብርድ ነው።"

"አልቅሰህ ነው።" ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። "እህቴ ሞታለች።"

"አልሞተችም!"

"እኔ ራሴ ስንቱን ሰው 'ትንሽ አሞታል' ብዬ ወስጃለሁ። ለእኔ ነው ይህን የምትነግረኝ? ሸዋዬ! እህቴ!" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የምምልበት እውነት አገኘሁ።

"በማርያም እልሻለሁ፣ በሕይወት አለች!"

"እንግዲያው ደውልልኝ። ድምፅዋን አሰማኝ።"

መዳኛዬ መሰለኝ። አክስቴ አነጋገሯ ራሱ ሳቅ ሳቅ ይላል፤ አንዴ "ሄሎ" ካለች ሁሉ ነገር ይበርዳል። እሷም መርዶውን ብታውቅ እንኳ እስከ ቅዳሜ ማታ እንዳልሰማች ሆና እንደምትቆይ ነው የማስበው። እትዬ ጸጌ ገና የመጀመሪያውን ጩኸት እንደሰሙ፣ ጫማቸውን ሳያደርጉ ተፍኪ ደውለው "ተነግሯል፣ ድረሺ" እንዳሏት በምን ልወቅ? ደወልኩ። እማዬ እንድትሰማው ስፒከሩ ላይ አደረግኩት።

"የሽዬ!" አለ የአክስቴ ድምፅ፣ እየታነቀ። "እህቴ፣ የሽዬ! ኤርሚያስን አጣነው! ልጃችንን አጣነው!"

እማዬ ስልኩን አየችው። ፊቷ ለአንድ አፍታ በራ። "አለሽ እንዴ?" አለቻት።

ከዚያ ደረሰባት።

ጩኸቷን አልገልጸውም። ስንት ጊዜ በማይክና በሮቶ ሳሳድደው የነበረው ድምፅ እሱ ነበር። ሲመጣ ጆሮዬን ያዝኩ።

ሹፌሩ ሰበታ መግቢያ ላይ ዳር ያዘ። ከኋላችን የተቀመጡ ሒጃብ ያደረጉ ሴት፣ የት እንደሚሄዱ እንኳ የማላውቃቸው፣ ደረቷን እንዳትመታ ሁለት እጇን ከኋላ አቅፈው ያዙ፤ "አልቅሺ እህቴ፣ ራስሽን ግን አትምቺ" ይሏታል። ረዳቱ በሩን ከፍቶ መሬት መሬት ያያል። ሹፌሩ ዞረ።

"ቤታችሁ የት ነው?"

"ቡራዩ።"

"የሚወርድ ይውረድ" አለ ለተሳፋሪው። "እኔ እናትን ቤቷ አደርሳለሁ።"

የወረዱት ጥቂት ናቸው። ሌላው በየመቀመጫው ቀረ። የማንም ዘመድ ያልሆነ መኪና ሙሉ ሰው ከሰበታ እስከ ቡራዩ ከእናቴ ጋር አለቀሰ። ስንደርስ ድንኳኑ ቆሟል፤ መንገድ ላይ ሆኜ ለኦቦ ጉደታ ደውዬላቸው ነበር። በሩ ላይ ቆመው ሲያዩን ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሰማንያ የሚጠጉ ሽማግሌ እንደ ልጅ ሲያለቅሱ ሳይ ንዴቴ የት እንደምጥለው ጠፋኝ። ሒጃብ ያደረጉት ሴት እስከ ማታ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠው ዋሉ።

እማዬ አስከሬን በሌለበት፣ መቃብር በሌለበት፣ ፎቶውን አቅፋ እርሟን አወጣች። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ያን ቀን ማንም አላጠፋውም፤ ባትሪው እስኪያልቅ ሲቀዳ ኖሯል። ስሙ አለ። ከዚያ የሩጫ ኮቴ፣ የድንኳን ብረት፣ "ዘፈን ነው እኮ" እያልኩ የሳቅኩት ሳቅ፣ "እሁድ ብለን አልተባባልንም?" ሁሉም አለ። ላጠፋው ጣቴ ላዩ ላይ ነበር፤ እማዬ ከኋላዬ ቆማ ኖራለች።

"አሰማኝ" አለች።

ሄድፎኑን አጠለቅኩላት። ቅዳሴ እንደምታስቀድስ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"እንዲህ አድርገህ ጠርተኸው ነበር?"

"አዎ እማዬ።"

"ሰው ሁሉ መጣ።"

"አዎ።"

"እሱ ብቻ ቀረ" አለች። ከዚያ ተነስታ፣ "አታጥፋው" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

አልበሙን ለቀቅኩት። ብዙ ሰው አልሰማውም፤ የዚህ ሙዚቃ ነገር እንደዚያው ነው። ከሩቅ አገር የጻፈልኝ አንድ የማላውቀው ልጅ ግን የመጨረሻውን ትራክ እንደወደደው ነግሮኝ፣ ያን ሁሉ የሩጫ ኮቴ በምን መሣሪያ እንዳስገባሁት ጠየቀኝ። "መሣሪያ አይደለም፤ ጎረቤት ነው" ብዬ መለስኩለት። የገባው አይመስለኝም።

እናንተ ግን ቡራዩም ኑሩ ሌላ ቦታ፣ ይገባችኋል። እኔ ያኔ ከካሴቶቹ የተማርኩት፣ የሚጮኽ ሰው ብቻውን ነው የሚል ነበር። ኤርሚም እንደዚያ ነበር የሚያምነው። ምናልባት የሞተውም እንደዚያ እያመነ ነው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም መቀመጥ ያቅተኛል። ሽማግሌዎቹን ሙሉ በሙሉ ይቅር አላልኳቸውም። የወንድሜን ሞት ከእኔ በፊት የማወቅ መብት ማንም አልነበረውም፤ ይህን ለኦቦ ጉደታ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፣ እሳቸውም "እውነትህን ነው" ብለውኛል። ግን በባዶ እግር የመጡትን፣ የጥርስ ብሩሽ በአፋቸው ይዘው አጥር የዘለሉትን እንዴት ልርሳ? ከሰፈራችሁ ጎህ ሲቀድ ጩኸት ከሰማችሁ ሩጡ። ዘፈን መሆን አለመሆኑን ደርሳችሁ ትጠይቃላችሁ።

አሁን ሌላ አልበም ጀምሬያለሁ። ውሃ መጥቶ ሮቶው ስለሞላ የምቀዳው ጓዳ ውስጥ ነው። ከመጀመሬ በፊት ዞሬ ለጎረቤት እናገራለሁ፤ "ዛሬ እጮኻለሁ፣ እንዳትደነግጡ" እላለሁ። ሁሉም እሺ ይለኛል። እትዬ ጸጌ ብቻ እሺ ብለውኝ፣ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ነጠላቸውን ለብሰው ይመጣሉ። ደጃፉ ላይ የቢራ ሳጥኗን ገልብጠው ይቀመጣሉ።

"እትዬ፣ ዘፈን ነው ብዬዎታለሁ እኮ" አልኳቸው ባለፈው።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ዘፈንም ቢሆን ብቻህን አትጩህ።"